ስብከቱ ያለው በማን ቤት ነው? የሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናትና የኢንተርኔት ቅጂዎቻቸው

ፌስቡክ ከየካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተላለፉ የቀጥታ ስርጭቶችን ከ30 ቀን በላይ እንደማያስቀምጥ አስታወቀ። ከዚያ በፊት የተላለፉትም ተራ በተራ እንደሚሰረዙ፣ ባለቤታቸው ማሳወቂያ ከደረሰው በኋላ ቅጂውን የሚያወርድበት 90 ቀን እንደሚሰጠው፣ ጊዜ ያነሰውም ስድስት ወር ማራዘም እንደሚችል ተገለጸ። ዜናው ለብዙ ሰው ተራ የቴክኖሎጂ ወሬ ነበር። ለሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት ግን ተራ ሊሆን አይገባውም ነበር። ማሳወቂያው የሚደርሰው ገጹን ለሚያስተዳድረው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉንስ ማን እንደያዘው የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል በየአጥቢያው አይገኝም።

እነዚያ ስርጭቶች እንዴት እንደ መጡ እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታተሉት። የቴሌቪዥን ጣቢያ የሌላቸው አጥቢያዎች ያላቸው አማራጭ አንድ ነበር፤ አንድ ወጣት ስልኩን በማቆሚያ ላይ አቁሞ በራሱ ጂሜይል ወይም በራሱ ፌስቡክ ስርጭት ይጀምራል። ለጊዜው የተደረገ ነገር ነበር፤ በሽታው ካለፈ በኋላ ግን ሥራው አልቆመም። ዛሬ በሐዋሳ ከፒያሳ እስከ አቶቴ የሚዲያ አገልግሎት የሚባል ክፍል የሌለው አጥቢያ ማግኘት ይከብዳል። ካሜራው ተገዝቷል፤ መብራቱ ተሰቅሏል፤ ቻናሉ ስም ወጥቶለታል። ቅጂው የማን ነው፣ ዋናው የሚቀመጠው የት ነው የሚለው ጥያቄ ግን በ2012 እንደተተወ አለ።

ስለ ላይክና ስለ ሰብስክራይብ ብዙ ይወራል፤ ስለ ጎተራው ግን ማንም አያወራም። ገበሬ እህሉን ገበያ ያወጣል እንጂ ገበያ ላይ ጎተራ አይሠራም። ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ገበያዎች ናቸው፤ ሰው እዚያ ስላለ መውጣት ያስፈልጋል። ገበያው በተዘጋ ቀን ባዶ እጁን የሚቀረው ግን ሁሉን ነገር እዚያው ያስቀመጠ ነው።

ደግሞም ተዘግቶ አይተናል። በጥር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከተፈጠረው ችግር ጋር ተያይዞ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ውስጥ ተገደቡ። እገዳው የተነሣው ሐምሌ 10 ቀን ነው፤ አምስት ወር ከሳምንት። በዚያ ጊዜ እገዳን አልፎ የሚያስገባውን ቪፒኤን መጠቀም የሚያውቁ ወጣቶች እንደምንም ገቡ። እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ዘመናዊ ስልክ በቅርቡ የለመዱት፣ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ስብከት በስልክ ብቻ የሚሰሙት ግን ቀሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የተገደቡት የተለዩ መድረኮች መሆናቸው ነው፤ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። በራሷ ድረ ገጽ ላይ የድምፅ ፋይሎቿን ያስቀመጠች አጥቢያ ብትኖር ኖሮ በእነዚያ ወራት ምእመኖቿ ያለ ቪፒኤን መስማት ይችሉ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 እንደ ሆነው ኢንተርኔቱ በሙሉ ሲቋረጥ ደግሞ ድረ ገጽም አይረዳም፤ የሚረዳው በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ያለ ሃርድ ዲስክና ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፍላሽ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች አዲስ አይደለም። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ባለቤትነት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስርጭት ጀምሮ ድምፁ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይደርስ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ በዚያው ማሠራጫም የአብዮቱ ድምፅ ይነገር ጀመር። ከዚያ በኋላ ቃሉን በምድሪቱ ያዞረው ካሴት ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተገለበጠ፣ በጋቢ ተሸፍኖ እየተሰማ። ካሴቱን ማንም ከአንድ ማዕከል ሊያጠፋው አልቻለም፤ ቅጂው በብዙ እጅ ነበርና። የዛሬዎቹ የሚዲያ አገልጋዮች ከቀደሙት ወላጆቻቸው የሚወርሱት ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

ድምፁ በራስ ቤት፣ ምስሉ በሰው ቤት

«እንግዲያው ቪዲዮውን ለምን በራሳችን ድረ ገጽ ላይ አንጭነውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን የሠራ አጥቢያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የ45 ደቂቃ ስብከት በመካከለኛ ጥራት፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢቀረጽ (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) 340 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያንኑ ስብከት ድምፁን ብቻ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ብናስቀምጠው 11 ሜጋባይት አይሞላም፤ ለንግግር ደግሞ ይህ መጠን በቂ ነው። አንድ ሺህ ሰው ቢያየው ቪዲዮው ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር 340 ጊጋባይት ያስወጣል፤ ድምፁ 11። የመጀመሪያው ርካሽ የድረ ገጽ ማስተናገጃን በአንድ እሑድ ያንበረክካል፤ ሁለተኛው ግን ሳይታወቅ ያልፋል።

በዚህ ላይ ቪዲዮ አንድ ፋይል ሆኖ አይበቃም። ዩቲዩብ የተጫነለትን ቪዲዮ ከ144 እስከ 1080 ባሉ በርካታ የጥራት ደረጃዎች ይገለብጠዋል፤ እያንዳንዱንም በጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ ይከፋፍለዋል፤ የተመልካቹ ኔትወርክ ሲደክም ወደ ዝቅተኛው፣ ሲበረታ ወደ ከፍተኛው ያሸጋግረዋል። በሐዋሳው ታቦር ተራራ ግርጌ ያለ ሰው ስልኩ ሳይቆራረጥ የሚያይበት ምክንያት ይህ ነው። ይህን ሁሉ አንዲት አጥቢያ በራሷ አቅም ልሥራ ብትል ገንዘቧንም አገልጋዮቿንም ትጨርሳለች። ስለዚህ ምስሉ በሰው ቤት ይቀመጥ፤ ዩቲዩብ በነጻ ያስተናግደው። ድምፁ ግን በራስ ድረ ገጽ ላይ፣ በራስ ስም ይቀመጥ። ድረ ገጹ ያማረ መሆን የለበትም፤ ቀኑ፣ ርእሱ፣ የሰባኪው ስምና ማጫወቻ ቁልፉ ከታየ በቂ ነው።

ነጻ የሚባለው ነገር ዋጋ እንዳለው ግን አይዘንጋ። ዩቲዩብ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የማስታወቂያ ገቢ በማይካፈሉ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ የማስገባት መብት እንዳለው በውሉ አስፍሯል። የንስሐ ስብከት መሃል የሚገባው ማስታወቂያ የማን እንደሚሆን አጥቢያዋ አትመርጥም። እንደ ቪሜዮ ያሉ ማስታወቂያ የሌላቸው አስተናጋጆች አሉ፤ ክፍያቸው ግን በዶላር ነው፤ በተመልካች ብዛትም ገደብ አላቸው። ሁሉን ነገር እዚያ አስቀምጡ ለማለት አልደፍርም።

ድምፁን ቅድሚያ መስጠት የሚገባን ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ነው። በሪያድ፣ በዱባይና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስብከት የሚሰሙት እጃቸው በሥራ ላይ እያለ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው። በዳሌና በሸበዲኖ ገጠር ያለ ወንጌላዊ የሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ትንሿን ነው። ለእነዚህ ሰዎች 340 ሜጋባይት የተዘጋ በር ነው፤ 11 ሜጋባይት ግን የተከፈተ። በሐዋሳ ያለ አጥቢያ ለካሜራ ያወጣውን ገንዘብ አሥረኛውን ለድምፅ ቢያወጣ ብዙ እጥፍ ሰው ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ድምፅ የሚበላሸው የት ነው?

የአብዛኛው ስርጭት ድክመት ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ላይ ነው። ስልኩ ከአዳራሹ ወደ ኋላ ቆሞ በራሱ ማይክራፎን ሲቀርጽ የሚይዘው የሰባኪውን ድምፅ አይደለም፤ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግድግዳ መትቶ የተመለሰውን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከዚያ ቅጂ አንድ ዓረፍተ ነገር መለየት ጭንቅ ነው።

መፍትሔው የማይክራፎኖቹን ድምፅ ከሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ፣ ገመድ መውሰድ ነው፤ እዚህም ግን ብዙዎች ይሰናከላሉ። ከሚክሰሩ የሚወጣው ድምፅ ለስልክ የማይክራፎን ቀዳዳ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ስለሆነ በቀጥታ ሲሰካ ይቀደዳል፤ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ጡሩምባ ይሆናል። በመሃል በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ ሚክሰሮች የዩኤስቢ መውጫ ራሳቸው አላቸው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ገመዱ በደንብ ከሠራ በኋላ የሚመጣ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከበሮው ያለ ማይክራፎን ስለሚሰማ የሚክሰሩ ባለሙያ ይቀንሰዋል፤ የሕዝቡ «አሜን» ደግሞ ጭራሽ ወደ ሚክሰሩ አይገባም። በዚህ ምክንያት በስልክ የሚሰማው ሰው ሰባኪውን በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚናገር ያህል ይሰማዋል። አንድ ማይክራፎን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ወደ ስርጭቱ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ጉባኤውን ይመልሰዋል።

ሐዋሳ ላይ ትርጉም የተለመደ መሆኑ ይህን ሥራ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፤ አጠገቡ የቆመው ወንድም ወደ ሲዳምኛ ይመልሳል፤ ወይም በተገላቢጦሽ። በቀጥታ ለሚከታተል ይህ መልካም ነው። በኋላ ለሚሰማው ግን የ40 ደቂቃ ስብከት 80 ደቂቃ ይሆንበታል፤ ግማሹም የማይሰማው ቋንቋ ነው። ሁለቱ ማይክራፎኖች በየራሳቸው መስመር ቢቀረጹ፣ በኮምፒውተር ላይ በግማሽ ቀን ሥራ ሁለት ንጹሕ ቅጂዎች ይወጣሉ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሲዳምኛ። የሲዳምኛው ቅጂ በኢንተርኔት ላይ ያለው ዋጋ ከአማርኛው ይበልጣል፤ በቋንቋው የሚገኘው ነገር ጥቂት ነውና።

ስለ ቀጥታ ስርጭት አንድ ነገር ልበል። በሰከንድ 3 ሜጋቢት ለሁለት ሰዓት የሚተላለፍ አምልኮ 2.7 ጊጋባይት ያስወጣል፤ ያውም መስመሩ ካልተቆራረጠ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ያውቃል፤ የአንድ አንቴና አቅም በአካባቢው ላለው ስልክ ሁሉ የሚከፋፈል ስለሆነ፣ ታቦቱ በወጣበት ሰዓት በሞባይል ኔትወርክ ቀጥታ ማስተላለፍ ዕድል ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የሚሻለው በጥሩ ጥራት በካሜራው ላይ ቀርጾ ማታ መጫን ነው። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ንጹሕ ቅጂ ከተቆራረጠ ቀጥታ ስርጭት ይበልጣል። ለዘወትሩ እሑድ ግን የፋይበር መስመርና መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ዩፒኤስ ካለ ቀጥታው መልካም ነው።

መዝሙር ያለበት ክፍል ሌላ ጣጣ አለው። ዩቲዩብ ከ1999 እና 2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ በሚባል ሥርዓት እያንዳንዱን ቪዲዮ ከተመዘገቡ ሥራዎች ጋር ያነጻጽራል። ከስብከቱ በፊት የዘማሪውን ዝግጁ ቅጂ በድምፅ ማጉያ ማጫወት ልማድ ነው፤ ያ ቅጂ ከተመዘገበ ሙሉው ቪዲዮ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ይመጣል፤ ቀጥታ ስርጭቱም ሊቋረጥ ይችላል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ቅጣት የደረሰበት ቻናል ደግሞ ይዘጋል፤ ከውስጡ ካለው ሁሉ ጋር። የአገራችን ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የመዝሙር ግጥምና ዜማም በዚህ ውስጥ ነው። ዘማሪዎቻችን አብዛኞቹ ከመዝሙራቸው ያገኙት ጥቂት ነው። ፈቃድ መጠየቅ ከቅጣት ለመዳን ብቻ ሳይሆን ለወንድምና ለእህት ድካም የሚሰጥ ክብር ነው። ስብከቱን ከመዝሙሩ ለይቶ መቁረጥና ለየብቻ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያድናል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ቻናሉን የከፈተው ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር እንበል። ተመርቆ አዲስ አበባ ሄደ። ስልኩን ቀየረ፤ የድሮውን ሲም ካርድ ተወው። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቴሌግራም ደግሞ አካውንትን የሚያውቀው በስልክ ቁጥር ነው። ያን ቻናል የሚከታተሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ በማን እጅ እንዳሉ ማን ያውቃል? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጠብ የተነሣ ጊዜ ነው። አጥቢያ ሲከፈል ወንበርና ድምፅ ማጉያ በሽማግሌ ይካፈላል፤ ቻናል ግን የይለፍ ቃሉን ከያዘው ጋር ይሄዳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ማስተካከል በሰላሙ ጊዜ ነው። በዩቲዩብ ቻናሉን ከግል ጂሜይል ብዙ ሰው በጋራ ወደሚያስተዳድረው ብራንድ አካውንት ማዛወርና ሁለት ወይም ሦስት ባለቤት መሰየም ይቻላል፤ አዲስ የተጨመረ ባለቤት ዋና ባለቤት ሊሆን የሚችለው ከሰባት ቀን በኋላ ነው። በቴሌግራምም ባለቤትነትን ለማስተላለፍ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት የተከፈተ መሆን አለበት። እነዚህ የሰባት ቀን ገደቦች የተቀመጡት ከሌባ ለመጠበቅ ነው፤ ጠብ በተነሣበት ሳምንት ልሥራው ለሚል ግን አይሆኑም። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅተምና ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር በአንድ ካዝና ይቀመጥ። የሲም ካርዱም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይውጣ።

ድረ ገጹን በተመለከተ ትልቁ እንቅፋት ክፍያው ነው። የጎራ ስም (የድረ ገጹ አድራሻ) እና የማስተናገጃ ዋጋ በውጭ አገር ኩባንያዎች ዘንድ በዶላር ነው፤ ገንዘብ ያዡ ያለው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድም በራሱ ካርድ ይከፍላል። ወንድምየው ካርዱ ሲያልቅበት ወይም ሲረሳ ግን ስሙ ይጠፋል፤ ሌላ ሰውም ይወስደዋል። ዶት ኮምና ዶት ኦርግን የመሳሰሉ ስሞች እስከ አሥር ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። አንድ ጊዜ ለምኖ ለአሥር ዓመት መክፈል በየዓመቱ ከመጨነቅ ይሻላል። ማስተናገጃውን ግን በብር ከሚከፈላቸው የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ማግኘት ስለሚቻል መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ይበጃል።

ቅጂው በድረ ገጹ ላይ ካለ ፖድካስት፣ ማለትም አድማጭ በስልኩ የሚከታተለው ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት፣ ለማድረግ ብዙ አይፈልግም፤ የአርኤስኤስ ፋይል የሚባል ዝርዝር ይዘጋጅና ማንኛውም የፖድካስት መተግበሪያ ከዚያ እየወሰደ ያሰማል። ጎግል ፖድካስትስ የተባለው መተግበሪያ በ2016 ዓ.ም. ሲዘጋ የራሳቸው ዝርዝር የነበራቸው ሰዎች አንድ ስብከት አልጠፋባቸውም፤ አድማጩ ወደ ሌላ መተግበሪያ ሄደ፤ ፋይሉ ግን ባለበት ነበር። እውነቱን ለመናገር በሐዋሳ ብዙው አድማጭ ከቴሌግራም አይወጣም። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነጻ ስለሚያስተናግድ ለማዳረስ ወደር የለውም፤ በቻናሉ ላይም ድምፁ ይለጠፍ። ዋናው ግን ከድረ ገጹና ከሃርድ ዲስኩ አይጥፋ።

ስለ ዋናው ቅጂ የምለው ይህን ነው። የአንድ ዓመት የእሑድ ስብከት ያልተጨመቀ፣ በአንድ መስመር የተቀረጸ፣ 12 ጊጋባይት ቢሆን ነው። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ የአንድን አጥቢያ ስብከት ከሰባ ዓመት በላይ ይይዛል። በተጨመቀ መልኩ ደግሞ የአሥር ዓመት ስብከት በአንዲት 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይገባል። ሃርድ ዲስክ ግን ራሱ ይሞታል፤ ስለዚህ ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በቢሮው፣ አንዱ በአንድ ሽማግሌ ቤት፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ወይም በኢንተርኔት። ፋይሎቹ ስም ይኑራቸው፤ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰባኪ፣ የመጽሐፍ ክፍል። «አዲስ ፎልደር 2» ውስጥ ያለ ስብከት ከጠፋ ስብከት አይለይም።

የማይጫን ነገር አለ

ይህን ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በስርጭቶቻችን ላይ ሰዎች በሕመማቸው ይታያሉ። ስለ ትዳሯ ውርደት እያለቀሰች የምትመሰክር ሴት አለች። ርኩስ መንፈስ ወጣለት የተባለ ወጣት መሬት ላይ ወድቆ ልብሱ እንደ ተገለበጠ ይታያል። በጸበል ቦታ የታመመች እህት ስትጮኽ ትቀረጻለች። ስለ ኤችአይቪ ውጤቱ የሚናገር ወንድም ፊቱ ተገልጦ ይቀርባል። እነዚህ ሰዎች ምስክርነታቸውን የሰጡት ለሚያውቃቸው ጉባኤ ነው፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ስሜት ውስጥ ሆነው። ቪዲዮው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በሥራ ቀጣሪያቸው ስልክ ላይ፣ በልጆቻቸው የትምህርት ቤት ጓደኞች እጅ ይገኛል። ተቆርጦ በቲክቶክ የዞረውን ደግሞ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና ሁኔታና የሃይማኖት እምነት ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቆጥራቸዋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ኃላፊነቱ የእረኞቹ ነበር። የሚዲያ አገልጋዩ ካሜራውን ከማዞሩ በፊት የሚያውቀው ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል፤ ለጸሎት ወደ ፊት የሚወጡ ሰዎች ፊት አይቀረጽም፤ ምስክርነት ሰጪው በረጋ ቀን፣ ከጉባኤው ውጭ ተጠይቆ ካልፈቀደ አይጫንም፤ ሕፃናት ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ ለብቻቸው አይታዩም፤ ይውረድልኝ ያለ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ይወርድለታል። ተመልካች የሚያበዛው እንዲህ ያለው ቪዲዮ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ውሳኔው ለሚዲያ ክፍሉ ወጣቶች ብቻ የማይተወው።

ከአዲሱ ቅጂ ይልቅ የሚያስቸኩለው አሮጌው ነው። በሐዋሳና በዙሪያዋ በየቤቱ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተቀረጹ ካሴቶች አሉ፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወንጌላውያን ስብከት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ በሲዳምኛ የተዘመሩ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ዜማዎች። የካሴት ክር በእርጥበትና በሙቀት ይበላሻል፤ የማግኔቱ ሽፋን እየተፋቀ ይሄዳል፤ ሻጋታ ይይዘዋል። የሐይቅ ዳር ከተማ አየር ደግሞ ለዚህ ደግ አይደለም። ሥራው ውድ አይደለም፤ የሚሠራ ካሴት ማጫወቻ፣ ያችው የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ፣ ኮምፒውተርና ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከመጫወቱ በፊት ክሩ እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ መመለስ፣ የማጫወቻው ጭንቅላትም በአልኮል መጽዳት አለበት፤ የተበጠሰውን ካሴት ሳጥኑን ከፍቶ መቀጠል ይቻላል፤ ሻጋታ የያዘውን ግን ለባለሙያ ሳያሳዩ ማጫወቻ ውስጥ መክተት አይገባም። ድምፁን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ አጠገብ ተቀምጠው «ይህ እገሌ ነው፤ ይህ የተሰበከው በእገሌ ቤት ነው» ብለው ስሙን ካላስመዘገቡ የተገለበጠው ቅጂ ባለቤት አልባ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ሥራው መጀመር ያለበት ከእነሱ ቤት ነው፤ የመጪውን ክረምት የሚዲያ ክፍሎቻችን ወጣቶች በዚህ ቢያሳልፉት ከየትኛውም አዲስ ካሜራ ይልቅ ለአጥቢያቸው ይጠቅማሉ።